«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ከተባልኩ በኋላ

በወለድኩ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ራሴን አመመኝ። ይኸው ነው። እንዲህ ሲጻፍ ለወሬም የሚበቃ አይመስልም፤ የዚያን ዕለትም ማንንም አላስደነገጠም። አራስ እንቅልፍ የላትም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ራሱን ያመዋል። ልጄ በየሁለት ሰዓቱ ይነቃል፣ ጠያቂ ከጠዋት እስከ ማታ ይገባል ይወጣል፣ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የከሰሉ ጭስ፤ ባያመኝ ነበር የሚገርመው። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ያቺ ጠዋት ግን አራስ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ተመልሳ ትመጣብኛለች።

ለመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት መግባት ወግ ነውና፣ ስምንተኛ ወሬን ስይዝ ከአዲስ አበባ ተነሥቼ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ የግቢውን ግንብ ስትነካ ቤት ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ነው። በአምስተኛው ቀን እናቴ ገበያ መውጣቷን ጠብቄ፣ ልጄን አስተኝቼ፣ በረንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ፀሐይ ሞቅሁ። ጥፋቴ ይህ ነበር። በማግሥቱ ራሴን እንዳመመኝ ስነግራት እናቴ ምርመራዋን ለመጨረስ አንድ ጥያቄ በቃት፤ «ትናንት ወጥተሽ ነበር?» አለችኝ። መውጣቴን ሳምን ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ሳይሆን እፎይታ ነው። የታወቀ በሽታ ነዋ! ምች ነው። ዳማ ከሴ ደግሞ ከጎረቤት አጥር ሥር አይጠፋም።

ዳማ ከሴው ተቀጥፎ መጣ፤ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው በቡና ሲኒ ቀረበልኝ፤ በቀረው ግንባሬንና ማጅራቴን አሸችኝ። ሽታውን እወደዋለሁ፤ የልጅነቴ ሽታ ነው። ራስ ምታቱ ግን አልሰማውም። ከቀትር በኋላ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንዱ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ጨምድዶ የሚይዘኝ ሕመም ነው፤ እሱን በገንፎው አሳበብኩ፤ መሐሉ ላይ የነበረው ቅቤም የሚያሳብብ ነበር። ሁለተኛው ዓይኔ ነው። በብየዳ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን በዞረበት አብሮ የሚዞር ብልጭታ። ልጄ ፊት ላይ ሳይቀር ብልጭ ይልብኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን የደበቅሁት ነገር በሽታ መሆኑንም አላወቅሁ። ደግሞስ ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት፣ ልጅ ታቅፌ ተቀምጬ፣ ስለ ዓይኔ ብልጭታ ማንን ላዋራ?

ሲስተር

ጡረታ ከወጡ ዓመታት ያለፏቸው ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት የጨረሱ ናቸው፤ በሰፈሩ ስማቸው ሲስተር ነው፤ ሌላ ስም እንዳላቸው እንኳ የማያውቅ ብዙ ነው። አሥር ሰዓት ገደማ የአጥሚት ዱቄት በፌስታል ይዘው ገቡ።

ጠያቂ እንዴት እንደሚገባ የታወቀ ነው። ከበሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ልጁ ነው። ማንን ይመስላል፣ አፍንጫው የማን ነው፣ ስሙ ማን ተባለ። ሲስተርም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ልጁ አልሄደም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እኔን ያዩኝ ጀመር። ሰው እንደዚያ ካየኝ ስድስት ቀን ሆኖኝ ነበር።

«ፊትሽ ምነው እንዲህ አበጠ?» አሉኝ።

እናቴ ቀደመችኝ። «ወፍራ ነው እንጂ! ገንፎው ገብቶላት» አለች፤ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ሲስተር አልሳቁም። ብርድ ልብሱን ከእግሬ ላይ ገለጥ አደረጉና ቅልጥሜን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። ጭቃ ላይ እንደ ቀረ የጣት ምልክት፣ ቀስ እያለ እስኪሞላ ድረስ ሁላችንም አየነው።

«ራስሽንስ ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ?»

ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ከየት አመጡት? ጠንቋይ ፊት የቀረብኩ ያህል ደነገጥኩ። «አዎ» ስል ድምፄ የሌባ ድምፅ ነበር።

አንዲት ልጅ ከቤታቸው ጥቁር ቦርሳ እንድታመጣ ተላከች። እስክትመለስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ የእንጨት ዋጋ መወደዱን፣ የሆነ ሰው ልቅሶ። ቦርሳው መጣ፤ ጨርቁ ክንዴ ላይ ተጠመጠመ፤ ጎማውን ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። ማዳመጫው ጆሯቸው ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ የጀበናው መንተክተክ ብቻ ይሰማል። መርፌው ወረደ። ምንም ሳይሉ ጨርቁን ፈትተው በሌላው ክንዴ ደገሙት። ያኔ ነው የፈራሁት። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የሚለካው ያየውን ማመን ሲያቅተው ነው።

«178 በ116» አሉ።

ወዲያው መከራከር ጀመርኩ፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ግፊት የለብኝም፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ክትትሌን አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ካርዴ ላይ 110 በ70 ነው የሚለው፣ ይመልከቱት! ልጄ ከተወለደ፣ እንግዴ ልጁ ከወጣ፣ የእርግዝና ግፊት ከየት ይመጣል? ሲስተር ዕቃቸውን እያጣጠፉ «ከወሊድ በኋላም ይነሣል» አሉኝ። «ያልነበረባትም ላይ ይነሣል። ተነሺ፣ አሁን ነው የምትሄጂው።»

እናቴ እዚህ ላይ ነው እምቢ ያለችው። አርባ ቀኗ ሳይደርስ፣ በዚህ ብርድ፣ አራስ ልጄን ከቤት አላወጣም፤ መሄድም ካለባት ነገ ጠዋት ትሄዳለች አለች። ሲስተር ድምፃቸውን አላነሡም። «ነገ ጠዋት የምትወስጃት ላትኖር ትችላለች» አሏት።

የማልረሳው ከዚህ በኋላ የሆነችውን ትንሽ ነገር ነው። እናቴ እጅ ላይ ሁለተኛ ዙር የተጨመቀ የዳማ ከሴ ሲኒ ነበር። የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ጠረጴዛው ፊቷ ነው፣ መስኮቱ አጠገቧ ነው፤ እሷ ግን ሲኒውን ይዛ ወዲያና ወዲህ አለች። በመጨረሻ ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ሁለታችንም አልቅሰናል፤ ማን እንደጀመረ አላስታውስም።

ጉልበቴን በመዶሻ

በባጃጅ ሄድን። ሁለት ጋቢ ተደርቦብኝ፣ ፊቴ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ለጥላው ጃንጥላ ተይዞልኝ። እናቴ ከትራሴ ሥር የነበረውን ቢላዋ ሳታሳየኝ መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ነበር፤ አራስ አጠገብ ብረት አይታጣማ። ሆስፒታሉ በር ላይ ፈታሹ ሲያገኘው የተፈጠረውን ግርግር ልጄ አድጎ እስክነግረው ቸኩያለሁ። «አራስ ይዤ እኮ ነው!» ስትለው ገባው መሰለኝ፤ «ሲወጡ ይወስዱታል» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከቻርጀሮች ጋር ከተተው።

ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለውን መድኃኒት የተወጋች ሴት አትረሳውም። መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥሬ ቀስ ተብሎ ገባ፤ ከዚያ 10 ግራም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱም መቀመጫዬ። ከጉሮሮዬ የተነሣ ሙቀት እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ፤ በዚያ የደብረ ብርሃን ሌሊት ጋቢዬን ገፍፌ ላብ አጠመቀኝ። ግፊቱን የሚያወርደው ሌላ መድኃኒት ነው፤ ይህኛው የሚሰጠው የሚጥል መንቀጥቀጥ እንዳይመጣ ነው። በሽታው እስከዚያ ሲደርስ ሐኪሞች ኤክላምፕሲያ ይሉታል። ከ10 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት መድኃኒቱ ይህን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ርካሽ መድኃኒት ነው። ሲበዛ ግን ራሱ ይገድላል፤ ስለዚህ ነርሷ እየመጣች ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ ትመታለች፣ ትንፋሼን ትቆጥራለች፣ የሽንቴን ከረጢት ታያለች። እግሬ ወደ ላይ ዘለል ሲል «ጎሽ» ትለኛለች። ትልቅ ሰው ሆኜ እግሬ ስለተወራጨ የተመሰገንኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ከአጠገቤ የተኛችው ሴት በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ትኩሳት ይዟት የመጣች ናት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው የገባችው። ሐኪሙ «የሚፈስሽ ነገር ሽታ አለው?» ብሎ ሲጠይቃት ወዲያው አልመለሰችም፤ መጀመሪያ ቀና ብላ አማቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ሰብራ «አለው» አለች፤ ከመቼ ጀምሮ ሲላት «ከአራተኛው ቀን»። ማሕፀኗ መርቅዞ አንድ ሳምንት ሙሉ ተደብቆ ኖሯል። ለአማት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ባል ደግሞ አራስ ቤት ሲገባ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው። እኔ ብልጭታዬን የደበቅሁት ለወግ ሳይመች ቀርቶ ነው፤ እሷ በኀፍረት። አልጋችን ግን ጎን ለጎን ሆነ።

ኃላፊ ጊዜ

ከሆስፒታል ወጥቼ ተኝቼ ሳለሁ ጠያቂው ቀጠለ፤ አሁንም ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል። የቃሉ ደግነት አይካድም። ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ከብበው «ማርያም ማርያም» እያሉ የሚያድሩ ሰዎች ሲነጋ የሚሉት ነው፤ የሞትን ደጅ አይታ እንደተመለሰች ያውቃሉ። እኔን የከነከነኝ ግሡ ነው። ማረችሽ። ኃላፊ ጊዜ። አለቀ፣ ተዘጋ፣ አለፈ ማለት ነው። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁባቸው በእነዚያ ስድስት ቀናት ውስጥ ግፊቴ እየወጣ ነበር። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ያጠራቀመው ፈሳሽ ከወሊድ በኋላ ወደ ደም ሥር ይመለሳልና የእናት ግፊት ከፍ የሚለው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። እኔ በእነዚያ ቀናት የት ነበርኩ? አልጋ ላይ፣ «ወፈረች» እየተባልኩ።

ጥፋቱን ለወግ ብቻ ማሸከም ግን አይቻልም። ጠዋት የወለድኩበት ቦታ ማታውኑ ነው ያሰናበተኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም እክል ያልገጠማት እናት እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትቆይ፣ ከዚያም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ በሁለተኛው ሳምንት እና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። እኔ ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት የልጁ የክትባት ካርድ ነው። በስድስተኛው ሳምንት አምጪው ተባልኩ። እኔንስ? ራሴን ካመመኝ፣ ዓይኔ ከተብለጨለጨ፣ ደሜ ከበዛ፣ አንድ እግሬ ብቻ አብጦ ባቱ ቢያመኝ፣ መተንፈስ ቢያቅተኝ ተመለሺ ያለኝ የለም። እነዚህን ሁሉ ያወቅሁት ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ 74 በመቶ የሚሆኑት እናቶች በእርግዝናቸው ወቅት በባለሙያ ታይተዋል፤ 48 በመቶው በጤና ተቋም ወልደዋል፤ በወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት ግን 34 በመቶ ናቸው። ከዚያ ጥናት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህ የመጨረሻው ቁጥር 17 በመቶ ነበርና እጥፍ ሆኗል፤ መሻሻሉን አልክድም። ቢሆንም ቁልቁለቱን ተመልከቱት። ነፍሰ ጡር ሆና ታክሲ ውስጥ ወንበር የሚለቀቅላት ሴት፣ ሆዷ ባዶ ሲሆን ዓይን ሁሉ ወደ ታቀፈችው ይዞርባታል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተች የሚባለው በወለደች እስከ 42ኛው ቀን ድረስ ስትሞት ነው፤ የዓለም መዝገብ የሚቆጥረው እንዲህ ነው። የእኛ አራስ የምትጠበቀው 40 ቀን ነው። የሁለት ቀን ልዩነት! ያለ መለኪያ፣ ያለ መዝገብ፣ አያቶቻችን ይህች ሴት ገና አደጋ ላይ ናት ብለው ያሰመሩት መስመር ከሐኪሞቹ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ብቻዋን አትደር፣ ከባድ አታንሣ፣ ትብላ፣ ትተኛ፣ ሰው አይለያት። ለእናት አርባ ቀን ዘበኛ አቁመውላታል። ዘበኛው አለ፤ ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ሌላ በር ነው። ፀሐይ እንዳትነካት፣ የሰው ዓይን እንዳያያት ይጠብቃል። እናቴ ገበያ ከወጣችባት ሰዓት በቀር ከአጠገቤ አልተለየችም፤ ሌሊት ሳገላብጥ እሷም ትነቃ ነበር። ምን እንደምታይ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ ሲስተርን መጠበቅ ባላስፈለገን።

በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ሌላ መጣብኝ። ግፊቴ ወርዶ፣ ልጄ ጠብቶ፣ ሁሉ ሰላም ሆኖ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጄ ተኝቶ እኔ አልተኛም፤ ትንፋሹ የተቋረጠ እየመሰለኝ እጄን አፍንጫው ሥር ይዤ አነጋለሁ። ከሞት ተርፎ የሚያለቅስ ሰው ምስጋና ቢስ ይባላልና ይህንንም ደበቅሁ። ባለቤቴ ነው መጀመሪያ ያየው። ለቁጥጥር ስሄድ ለሐኪሟ እሱ ነገረልኝ፤ የወሊድ ድባቴ የሚባል እንዳለ፣ የሚታከምም እንደሆነ ያን ቀን ሰማሁ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ገና አልበሰለልኝም።

አክስቴ

ልጄ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ማታ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ እናቴ ትሪ እያጠበች፣ እኔ ጡት እያጠባሁ፣ ድንገት ስለ እህቷ አነሣች።

ይህችን አክስቴን አላውቃትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው። በቤታችን ታሪኳ አንድ መስመር ነው፤ አራስ ሳለች ምች መታትና ሞተች። ፎቶዋ ሳሎን ተሰቅሏል። ከዚህ በላይ የጠየቀ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እናቴ ያን ማታ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው የተናገረችው። ወንዝ ወርዳ ነበር አለች፤ በወለደች በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን፣ ፀሐይ መታት። ራሷን ይዛ ስትጮኽ ዋለች። ማታ ላይ ጣላት፤ አረፋ ደፈቀች፤ ጠበል ሊወስዷት ቃሬዛ ሲያዘጋጁ ሌሊቱን አረፈች።

«ዓይኔ ላይ እሳት ይረጭብኛል ትል ነበር» አለች እናቴ። ትሪውን ማጠቧን አላቆመችም። «እኔ ነበርኩ አጠገቧ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ዳማ ከሴውን የቀጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ምን ይባላል? ያን ጊዜ በአካባቢው ሐኪም ቤት አልነበረም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ታደርግ ነበር፤ እንዲህ እንዲህ አልኳት። አልሰማችኝም። ሲስተር ዓይኔን የጠየቁኝ ጊዜ፣ ሲኒውን ይዛ ወዲያና ወዲህ ያለች ጊዜ፣ ምን እንደታያት የገባኝ ያኔ ነው። እኔን ብቻ አልነበረም የምታየው።

ባለፈው ታኅሣሥ የወንድሜ ሚስት ወለደች። እናቷ በሕይወት ስለሌሉ የታረሰችው እናቴ ቤት ነው። እኔ የባትሪ ግፊት መለኪያ ገዝቼ ላክሁ፤ አጠቃቀሙን በስልክ ሳስረዳት «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ ሳቀችብኝ፤ በዚያው ቀን ግን ሁለት ጊዜ ለክታት ነበር። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ትደውልልኛለች። ሰላምታው ያጥራል፤ ቀጥታ ወደ ቁጥሩ ናት፤ 116 በ74፣ 121 በ78። ራሷን አላመማትም፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ ደሟ እየቀነሰ ነው። ቢላዋውም ከትራሷ ሥር ነው፤ እሱን ደግሞ ልትነግረኝ አትረሳም።

በስምንተኛው ቀን እንደ ልማዷ ደወለች። «118 በ76» አለችኝ። እሰይ አልኳት። ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች፤ ከበስተኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«የእሷስ ስንት ነበር ይሆን?» አለችኝ።